አልታጠፍ ያለ ጉልበት፦ የአንዲት ፈር ቀዳጅ የአጭር ርቀት ሯጭ የጉዳይ ጥናት

ይህን ጉዳይ የምጽፈው ልጆችን ለሚያሰለጥኑ ሰዎች ነው። አንድ አትሌት ክፉኛ ሲጎዳ አብዛኞቻችን የምንጠይቀው "ይድናል ወይ?" ብለን ነው። መልሱ "አይድንም" ከሆነ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ልጁም ጫማውን ይሰቅላል። እዚህ የማቀርበው ጉዳይ ግን ሌላ ጥያቄ የተመለሰበት ነው፤ "አልሆን ያለው በትክክል የትኛው እንቅስቃሴ ነው?" የሚል። ሩጫዋ አበቃ የተባለች ሴት በዚህ መንገድ ከ5 ዓመት በኋላ የኦሎምፒክ ወርቅ አጠለቀች።

የጉዳይ ጥናት ወግ ስለሆነ የባለጉዳዮቹን ስም አልጠራም። ትኩረታችን ዝናቸው ላይ ሳይሆን ያደረጉት ነገር ላይ እንዲሆን እፈልጋለሁ። ቦታው፣ ቀኑና ሰዓቱ ግን እንዳለ ነው። ቀኖቹም ዓመቶቹም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዘመኑ

ሴቶች በኦሎምፒክ መም ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የሮጡት በ1928 በአምስተርዳም ነው። እስከዚያ ድረስ በሩን ዘግተው የያዙት ተራ ሰዎች አልነበሩም። የዘመናዊው ኦሎምፒክ አባት የሚባሉት ፒየር ደ ኩበርታን ራሳቸው የሴቶችን ተሳትፎ ይቃወሙ ነበር።

በሩን ገፍተው ያስከፈቱት አሊስ ሚሊያ የሚባሉ ፈረንሳዊት ናቸው። በ1921 ዓለም አቀፍ የሴቶች ስፖርት ፌዴሬሽን አቋቋሙ። በ1922 ፓሪስ ላይ ሴቶች ብቻ የሚወዳደሩበት የአትሌቲክስ ውድድር አዘጋጁ። "ኦሎምፒክ" የሚለውንም ስም ሰጡት። ስሙ ባለሥልጣናቱን አስቆጣ። ከብዙ ንትርክ በኋላ ስምምነት ላይ ተደረሰ። ሴቶቹ ስሙን ይተዋሉ፤ በምትኩ ዋናው ኦሎምፒክ ውስጥ ቦታ ይሰጣቸዋል። ሚሊያ የጠበቁት 10 የውድድር ዓይነት ነበር። የተሰጣቸው 5 ብቻ ነው። 100 ሜትር፣ 800 ሜትር፣ 4 በ100 ሜትር ዱላ ቅብብል፣ ከፍታ ዝላይና ዲስከስ ውርወራ። የእንግሊዝ ሴት አትሌቶች በዚህ ተቆጥተው አምስተርዳም ሳይሄዱ ቀሩ።

አሜሪካም ቢሆን የተሻለ አልነበረም። ብዙ የሰውነት ማጎልመሻ መምህራን፣ ሴቶቹ ሳይቀሩ፣ ፉክክር ለሴት ልጅ አይበጅም ይሉ ነበር። የኛ ባለጉዳይ ያደገችው በዚህ ጊዜ ነው።

ባቡሩ

ልጅቷ በ1911 በኢሊኖይ ግዛት፣ ከቺካጎ በስተደቡብ ባለች ሪቨርዴል በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደች። ሁለተኛ ደረጃ የምትማረው ጎረቤት ከተማ ሃርቪ ነበር። የምትመላለሰው በባቡር ነው።

ታሪኩ እንዲህ ይተረካል። አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ ባቡሩ ጣቢያ ገብቷል። እሷ ገና ሩቅ ናት። የባዮሎጂ መምህሯ ባቡሩ ውስጥ ተቀምጠው ስትሮጥ ያይዋታል። እኚህ መምህር የትምህርት ቤቱ የወንዶች ሩጫ ቡድን ረዳት አሰልጣኝም ናቸው። በቃ አመለጣት ብለው አስበዋል። ትንሽ ቆይቶ ልጅቷ መጥታ አጠገባቸው ቁጭ አለች።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት እወዳለሁ። "ጎበዝ፣ ፈጣን ነሽ" ብሎ መንገዱን መቀጠል ቀላል ነበር። መምህሩ ግን እንዲያ አላደረጉም። ሰዓት ሊይዙላት ፈለጉ። ሜዳ እስኪገኝ አልጠበቁም። የሴቶች ቡድን እስኪቋቋም አልጠበቁም። ትምህርት ቤቱ ኮሪደር ውስጥ 50 ያርድ፣ ማለትም 46 ሜትር ገደማ አስሮጧት። ያገኙት ሰዓት ዓይናቸው እንዳልዋሸ አረጋገጠላቸው። ከዚያም ከወንዶቹ ጋር ልምምድ አስጀመሯት።

ልጅቷ በዚያን ጊዜ ሴቶች የሚሮጡበት ውድድር መኖሩን እንኳ አታውቅም ነበር።

አራት ወር

መጋቢት 30 ቀን 1928 ቺካጎ ላይ የመጀመሪያ ውድድሯን በቤት ውስጥ መም ሮጠች። ርቀቱ 60 ያርድ ነው። የተሰለፈችው የአሜሪካን ክብረ ወሰን ከያዘችው ሴት ጋር ነበር። ሁለተኛ ወጣች።

ሰኔ 2 ቀን ሁለቱ እንደገና ተገናኙ፤ ሶልጀር ፊልድ ስታዲየም፣ በ100 ሜትር። አሁን ጀማሪዋ አሸነፈች። የተያዘላት ሰዓት 12 ሰከንድ ነው፤ እንደ ክብረ ወሰን ግን አልጸደቀም። ሐምሌ 4 ቀን ኒውዋርክ ላይ በተደረገው የኦሎምፒክ ማጣሪያ ሁለተኛ ሆና ቡድኑ ውስጥ ገባች። ከዚያ መርከብ ነው። የአሜሪካ ቡድን አትላንቲክን ሲያቋርጥ ልምምዱን መርከቡ ላይ ሠራ።

መምህሩ ጀማሪ ብለው ከደካሞች ጋር አላሰለፏትም። መጀመሪያውኑ ከአገሪቱ ምርጥ ጋር አጋጠሟት። በዚያ ሽንፈት ልጅቷ የት እንዳለች አወቀች። ሁለት ወር ገደማ ነው የፈጀባት፤ ልዩነቱን አጠበበችና አለፈች። ልጅን ለመጠበቅ ብለን ቀላል ውድድር ስናበዛበት ይህን መረጃ እንነፍገዋለን ብዬ አምናለሁ።

አምስተርዳም

ሐምሌ 31 ቀን የ100 ሜትር ፍጻሜ ደረሰ። ልጅቷ 17 ዓመት ሊሞላት ሦስት ሳምንት ይቀራታል። ውድድሩ በሕይወቷ አራተኛዋ ነው። ከአሜሪካ ለፍጻሜ የደረሰችው እሷ ብቻ ናት። ሌሎቹ ሦስት ካናዳውያንና ሁለት ጀርመናውያን ናቸው።

በዚያ ዘመን እግር የሚደገፍበት ብረት አልነበረም። ሯጮቹ በትንሽ መቆፈሪያ መሙን ቦርቡረው ለጣታቸው ጉድጓድ ያበጁ ነበር። ልጅቷ ጫማዋን ልታደርግ ስትል ሁለቱም የግራ እግር ሆነው አገኘቻቸው። በጥድፊያ ተሳስታ ነው ያመጣችው። የቀኙን ለማምጣት ወደ ልብስ መቀየሪያው መመለስ ግድ ሆነባት።

ከዚያም መነሻው ላይ ሌላ ግርግር ተነሳ። አንዷ ካናዳዊት ከተኩሱ በፊት ሁለት ጊዜ ተነስታ ተሰረዘች። መሙ ዳር ተቀምጣ ታለቅስ ጀመር። ቀጥሎ አንዷ ጀርመናዊት በተመሳሳይ ጥፋት ወጣች። ስድስት የነበሩት አራት ቀሩ። በዚህ ሁሉ መሃል የ16 ዓመቷ ልጅ በቦታዋ ረጋ ብላ ቆየች። ሲተኮስም ተፈተለከች። 12.2 ሰከንድ። ሁለተኛዋ 12.3 ገባች። በኦሎምፒክ ታሪክ የመጀመሪያዋ የሴቶች 100 ሜትር አሸናፊ እሷ ሆነች። በዱላ ቅብብሉም ቡድኗ ከካናዳ ቀጥሎ ብር አገኘ።

ከጉዳዩ ወጣ ብዬ፦ ስለ 800 ሜትሩ

በዚያው ኦሎምፒክ የሆነ ሌላ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ቅር ይለኛል፤ እኛንም ነክቶናልና። ነሐሴ 2 ቀን የሴቶች 800 ሜትር ፍጻሜ ተካሄደ። ዘጠኝ ሴቶች ተነሱ፤ ዘጠኙም ጨረሱ። ጀርመናዊቷ ሊና ራድከ በ2 ደቂቃ ከ16.8 ሰከንድ አሸነፈች። በማግስቱ ግን ጋዜጦች ሴቶቹ መሙ ላይ እየተዝለፈለፉ እንደወደቁ፣ አንዳንዶቹም አቋርጠው እንደወጡ ጻፉ። ከባድ ሩጫ የጨረሰ ሰው መሬት ላይ ዘፍ ማለቱ ወንድ ቢሆን ማንንም አያስገርምም ነበር። ሴት ሲሆን ግን ማስረጃ ተደርጎ ተቆጠረ። 800 ሜትር ከሴቶች መርሐ ግብር ተሰረዘ። የተመለሰው በ1960 ሮም ላይ ነው።

በመካከሉ 32 ዓመት አለፈ። ከዚያም 1500 ሜትር በ1972 መጣ። ማራቶን በ1984፣ 10 ሺህ ሜትር በ1988። ደራርቱ ቱሉ በ1992 ባርሴሎና ላይ ስታሸንፍ የሴቶች 10 ሺህ ሜትር በኦሎምፒክ ሲካሄድ ገና ሁለተኛ ጊዜው ነበር። አንድ ሰው ቆጥሮ "ዘጠኝ ተነሱ፣ ዘጠኝ ገቡ" ብሎ ቢጽፍና ቢሰማ ኖሮ በሩ ለስንት ሴት በጊዜ ይከፈት ነበር!

አደጋው

ወደ ልጅቷ እንመለስ። ከድሉ በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገባች። ሩጫዋን ቀጠለች። ሁሉም ሰው በ1932 ሎስ አንጀለስ ላይ ይጠብቃታል።

ሰኔ 28 ቀን 1931 በጣም ሞቃት ቀን ነበር። ልጅቷ መዋኘት ፈልጋለች። አሰልጣኟ ግን ዋና ለሯጭ ጡንቻ አይሆንም ብለው ከልክለዋታል። ስለዚህ አውሮፕላን የሚያበርር ዘመዷን አየር ላይ ቀዝቀዝ እንዲያደርጋት ጠየቀችው። ትንሿ አውሮፕላን ተነሳች፤ ብዙም ሳትቆይ ረግረግ መሬት ላይ ተከሰከሰች።

ስፍራው የደረሰው ሰው ልጅቷ ሞታለች ብሎ አሰበ። መኪናው ኋላ ጭኖ አስከሬን ወደሚያዘጋጅ ሰው ወሰዳት ይባላል። በሕይወት መኖሯ የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው። አብራሪው ዘመዷም ክፉኛ ተጎድቷል።

እግሯ ብዙ ቦታ ተሰባብሯል። ክንዷም ተሰብሯል። ግንባሯ ተተርትሯል። ሐኪሞች አጥንቷን በብረት አያያዙት። እግሯ ሲድን ከሌላው በአንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ አጠረ። ዳግመኛ አትወዳደርም ተባለ። ለወራት በተሽከርካሪ ወንበርና በክራንች ከረመች። በደንብ ለመራመድ እንኳ ሁለት ዓመት ገደማ ወሰደባት። ሎስ አንጀለስ አለፈ።

ችግሩ በትክክል ምን ነበር?

ልጅቷ ቀስ በቀስ መሮጥ ጀመረች። ሩጫው መጣላት። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ፍጥነቷ ከብዙዎቹ ይበልጥ ነበር። እንደ 1928ቱ ባይሆንም ፍጥነት ነው።

አልመለስ ያለው አንድ ነገር ነው። "በቦታችሁ" ሲባል የአጭር ርቀት ሯጭ በርከክ ይላል። አንድ ጉልበት መሬት ይነካል፤ ጣቶች መስመሩ ጀርባ ይተከላሉ፤ "ተዘጋጁ" ሲባል ዳሌ ከትከሻ ከፍ ይላል። ለዚህ ጉልበት እስከ መጨረሻው መታጠፍ አለበት። የእሷ አይታጠፍም። ሳይበረከኩ ቆሞ በመነሳት ደግሞ 100 ሜትር ላይ ከዓለም ምርጦች ጋር መፎካከር አይቻልም። ርቀቱ አጭር ስለሆነ መነሻ ላይ የጠፋውን መመለሻ ጊዜ የለም።

እንግዲህ ልብ በሉ። "ከእንግዲህ አጭር ርቀት መሮጥ አትችልም" የሚለውና "በርከክ ብላ መነሳት አትችልም" የሚለው ሁለት የተለያየ ነገር ነው። የመጀመሪያው ሙያዋን ይዘጋል። ሁለተኛው የሚዘጋው አንድ መነሻ ነው።

የተወሰደው እርምጃ

በ4 በ100 ሜትር ዱላ ቅብብል በርከክ ብላ የምትነሳው የመጀመሪያዋ ሯጭ ብቻ ናት። የቀሩት ሦስቱ ቆመው ይጠብቃሉ። ዱላው ሲቃረብ መሮጥ ይጀምራሉ፤ የሚቀበሉትም እየሮጡ ነው። ጉልበቷ እዚያ አያስቸግራትም።

መፍትሔው ይኸው ነው። አዲስ መሣሪያ የለም፤ አዲስ ሕክምና የለም። ስፖርቱ ውስጥ ድሮም የነበረ፣ ለእሷ አካል የሚሆን ቦታ ነው የተገኘው። በ1936 በርሊን ለሚሄደው የአሜሪካ ቅብብል ቡድን ተመረጠች። ሦስተኛ ሯጭ ሆነች።

ሦስተኛ ቦታ ቀላል ቦታ አይደለም። ሁለተኛዋና ሦስተኛዋ ሯጭ ዱላ ይቀበላሉ፤ ዱላ ይሰጣሉም። ሁለት ጊዜ የመሳሳት ዕድል አላቸው። ሦስተኛዋ በዚያ ላይ የመጨረሻውን ኩርባ ትሮጣለች። እዚያ የሚፈለገው የረጋ እጅና ልምድ ነው። የ24 ዓመቷ ሴት ከስምንት ዓመት በፊት ኦሎምፒክ ላይ ዱላ ይዛ ሮጣለች። በዚያ ሁሉ ግርግር መሃልም አለመደንገጧ ታይቷል።

በርሊን

በዚያ ዓመት የጀርመን ሴቶች ቡድን የሚበገር አይመስልም ነበር። በማጣሪያው 46.4 ሰከንድ ሮጠው የዓለም ክብረ ወሰን ሰበሩ። ነሐሴ 9 ቀን ፍጻሜው ሲካሄድ ስታዲየሙ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሂትለርም ተመልካች ሆኖ ተቀምጧል።

ጀርመኖቹ ከመነሻው መሩ። የኛ ባለጉዳይ ዱላውን ተቀብላ ኩርባውን ሮጠችና ለመጨረሻዋ ሯጭ አቀበለች፤ የ100 ሜትሩን ወርቅ ላሸነፈችው። ሆኖም ጀርመኖቹ ያኔም በብዙ ሜትር ይቀድሙ ነበር። የጀርመን ሦስተኛ ሯጭ ዱላውን ለአራተኛዋ ዘረጋች። አራተኛዋ ያዘችው፤ መሮጥ ጀመረች። ዱላው ግን እጇ ውስጥ አልተደላደለም። ወደቀ። ጀርመናዊቷ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች።

አሜሪካ በ46.9 ሰከንድ አሸነፈች። እንግሊዝ ሁለተኛ፣ ካናዳ ሦስተኛ ወጣ። አትወዳደርም የተባለችው ሴት ሁለተኛ የወርቅ ሜዳልያዋን አገኘች።

ምን ሠራ? ምን አልሠራም?

ጉዳዩን ሳናሳምር እንየው። ጀርመኖቹ ዱላውን ባይጥሉ ኖሮ አሜሪካ ብር ነበር የምታገኘው። ወርቁ በከፊል የዕድል ነው። ስለዚህ ዘዴው መሥራቱን የምለካው በሜዳልያው ቀለም አይደለም። የምለካው በሁለቱ ቅብብሎሽ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት እንደ አስከሬን የተጫነች ሴት በዓለም ትልቁ ውድድር ፍጻሜ ላይ ዱላ ተቀብላ፣ ሮጣ፣ በሰላም አስረክባለች። ድርሻዋ ይህ ነበር፤ ተወጥታዋለች። በቅብብል ውድድር አለመጣል ራሱ ብቃት መሆኑንም ያ ቀን አሳይቷል።

ያልተመለሰም ነገር አለ። የ100 ሜትር ሯጭነቷ አልተመለሰም። ከ19 ዓመቷ ጀምሮ የነበሩት ምርጥ ዓመታት በአልጋና በክራንች አለፉ። ይህን የሚያካክስ ወርቅ የለም።

ያ የዋና ክልከላም ሁልጊዜ ይከነክነኛል። አሰልጣኟ የከለከሉት በዘመኑ እምነት እሷን ለመጠበቅ ነው። የሙቀቱ ነገር ግን እንዳለ ነበር። ልጅቷ ሌላ መቀዝቀዣ ፈለገች፤ ያገኘችው ደግሞ ከዋና እጅግ የከፋ ሆነ። አደጋው የክልከላው ጥፋት ነው ማለቴ አይደለም። አውሮፕላን ይወድቃል ብሎ ማን ይጠብቃል? ግን አንድን ነገር ስንከለክል ልጁ በምትኩ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ቁጭ ብለን ማሰብ ይኖርብናል።

ወደ ሌላ ቦታ የሚወሰደው

አንድ ልጅ ሲጎዳ ወይም ሲያቅተው ያቃተውን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት። ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ "ሩጫ" ወይም "ስፖርት" የሚል ሰፊ ቃል ካለ ገና አልጨረሳችሁም። "ቀኝ ጉልበቱን ከዚህ በላይ ማጠፍ አይችልም"፣ "ኩርባ ላይ ቁርጭምጭሚቱ ያመዋል" እስከሚል አጥብቡት። ከዚያ ስፖርታችሁን ዘርዝሩ። ያን እንቅስቃሴ የማይጠይቅ ቦታ የትኛው ነው? ሩጫ ላይ ብቻ አይደለም። ቮሊቦል ላይም፣ ውርወራ ላይም ይሠራል። ከስፖርት ውጭም ጀርባውን የታመመ ሠራተኛ ወይም እጁ የሚንቀጠቀጥ ባለሙያ ሲያጋጥም ይኸው ጥያቄ ያገለግላል።

ሁለተኛው የመለካት ነገር ነው። ልጅቷን ያገኛት ሰው ትንፋሿን በደንብ ሳያዳምጥ ሞተች አለ። ጋዜጦቹ ሳይቆጥሩ ወደቁ አሉ። መምህሩ ግን ዓይናቸውን እንኳ ሳያምኑ ሰዓት ያዙ። ሰዓት ለመያዝ የሚያስፈልገው አንድ ኮሪደር ነበር። ዛሬ ብዙ ትምህርት ቤት ሜዳ የለንም ብሎ ልጆቹን ሳይለካ ዓመቱ ያልፋል። ሴት ልጆች ጋ ሲደርስ ደግሞ ይብሳል፤ "ቡድን የላቸውም" የሚለው ምክንያት ይታከልበታል። ያኔም አልነበራቸውም፤ ከወንዶቹ ጋር ነው የተለማመደችው።

ሦስተኛው ጊዜ ነው። አምስት ዓመት ረጅም ነው። በእነዚያ ዓመታት ለዚህች ሴት በየቀኑ የሚጨበጥ ውጤት አልነበረም። የመጀመሪያው ግብ መቆም ነበር፤ ቀጥሎ መራመድ፤ ቀጥሎ መሮጥ። ቅብብሉ የመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ከመጀመሪያው ቀን ኦሎምፒክ ብሎ የተነሳ ሰው እዚያ ባልደረሰ ነበር ባይ ነኝ።

ከዚያ በኋላ

ከበርሊን በኋላ መወዳደር አቆመች። አግብታ ሁለት ልጆች አሳደገች። በውድድር ኃላፊነት እያገለገለች ከአትሌቲክሱ ሳትርቅ ቆየች። ሜዳልያዎቿን የምታስቀምጠው በባዶ የከረሜላ ካርቶን ውስጥ ነበር። በ1996፣ ከአትላንታ ኦሎምፒክ በፊት፣ በ84 ዓመቷ ችቦውን ተሸክማ ድርሻዋን ሄደች። ከሦስት ዓመት በኋላ በ87 ዓመቷ ኮሎራዶ ውስጥ አረፈች።